የቤተ ክርስቲያንን ዐጸድ መንከባከብና ለአዕዋፍ ማሰብ አገልግሎት ነውን?

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በፈቃደኝነት ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እናጸዳለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ በበጋ ለወፎች ውኃ እናስቀምጣለን። አንድ አባት ግን «ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ናት፤ በወፍና በቅጠል ጊዜያችሁን አታባክኑ» ብለው ገሠጹን። በዚህ ላይ ለክብረ በዓል ድንኳን ቦታ እንዲለቅ ሊቆረጥ በታሰበ የወይራ ቅርንጫፍ ላይ ጫጩቶች ያሉበት ጎጆ አየን። የምንሠራው ሥራ ከአገልግሎት ይቆጠራል? ብዙዎቻችን የምንገኘው እሑድ ስለሆነ በዚያ ቀንስ ልንሠራ እንችላለን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደድሽ እኅታችን፣ ሥራችሁ አገልግሎት ነው። ዐጸዱ የቤተ ክርስቲያን አካል እንጂ ከእርሷ ውጭ ያለ ባዶ ቦታ አይደለም። ምእመኑ ገና ከቅጥሩ በር ሲደርስ አማትቦና ተሳልሞ የሚገባው፣ የሚገባበት ስፍራ የተቀደሰ መሆኑን ስለሚያምን ነው። በመሐል አዲስ አበባ ባሉት አድባራት በንግሥ ቀን ቅዳሴውን ከውስጥ ሆኖ ከሚያስቀድሰው ይልቅ በዛፍ ጥላ ሥር ነጠላውን አጣፍቶ የሚያስቀድሰው ሕዝብ ይበዛል። ስለዚህ ያንን መሬት የሚጠርግ ሰው፣ ሌላው የሚሰግድበትን ስፍራ እያዘጋጀ ነው።

ወፎቹንም በሚመለከት መጽሐፍ ዝም አላለም። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙረ ዳዊት 83 (በሌላው አቆጣጠር 84) ነፍሱ የእግዚአብሔርን አደባባዮች እንደምትናፍቅ ከተናገረ በኋላ፣ ወዲያው ወፍ ለራስዋ ቤትን፣ ዋኖስም ጫጩቶችዋን የምታኖርበትን ስፍራ በመሠዊያው ዘንድ እንዳገኘች ይዘምራል። ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ ነቢዩ ወፊቱን ከአደባባዩ እንድትባረር አለመመኘቱ ነው፤ እንዲያውም ባገኘችው መጠጊያ ይቀናል። አዳምም በዔድን ገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀቱም መጠበቁም ከውድቀት በፊት የተሰጡት ሥራዎች ናቸውና እንደ ቅጣት ወይም እንደ ተራ ነገር አይታዩም። በቅዳሴያችን ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን፤ የጻድቁን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል የምታውቂ ከሆነም፣ አንበሶችና ነብሮች በዙሪያቸው ቆመው፣ ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ታያለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአድባራታችን ጌጥ የሆኑት ጽድና ወይራ ፍሬያቸውን የሚበሉት ወፎች ናቸው፤ ዘሩንም ወደ ሌላ ቦታ ወስደው የሚጥሉት እነርሱ ናቸው። በግቢያችሁ ማንም ሳይተክላት ከአጥር ሥር የበቀለች የወይራ ችግኝ ካየሽ ተካይዋ ወፍ ሳትሆን አትቀርም። ችግኝ ስትተክሉም በተቻለ መጠን የሀገራችንን ዛፎች፣ ጽድን፣ ወይራን፣ ዝግባን፣ ኮሶን ምረጡ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ ዘር መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣ ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ለወፍ የሚበላ ፍሬ አያፈራም፣ ለጠባብ ግቢም አይመችም።

ስለ አሠራሩ የምመክራችሁ ጥቂት ነገር አለ። የወፎቹ ውኃ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ሳሕን ይሁን፤ በመካከሉ ድንጋይ አኑሩበት፣ ንብም ትንሿም ወፍ ቆማ ትጠጣበታለች። በየቀኑም አጥባችሁ ለውጡት። ጸበል ግን አትጨምሩበት፤ ጸበል ለፈውስና ለበረከት የተሰጠ ስለሆነ በማንኛውም ዕቃ ተቀምጦ የሚረገጥ ወይም የሚደፋ መሆን የለበትም። የምግብ ትራፊም በብዛት አትበትኑ፣ አይጥና ቁራ ይሰበስባል። የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠርጋችሁ አታቃጥሉ፤ ከዛፉ ሥር የተወሰነውን ብትተዉት አፈሩን ያለመልማል፣ በውስጡም ትልና ጥንዚዛ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት በከተማችን ሰማይ ላይ በመንጋ እየጮኸች የምታልፈው፣ ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላት ወፍ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ ሀገር የማትገኝ ናት፤ የምትመገበው ሣር መካከል ምንቃሯን እየተከለች ትልና እጭ በመልቀም ነው። በሣሩ ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው የእርሷንም ማዕድ ይመርዛል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ የበዓል ገመድን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ደብር ንግሥ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለበት የናይሎን ገመድ ከጽዱ ላይ ሳይወርድ ቀርቶ ነበር። አንዲት ዋኖስ እግሯ በገመዱ ክር ተተብትቦ ተንጠልጥላ አገኘናት። አንድ ዲያቆን መሰላል ላይ ወጥቶ በመቀስ እየቆረጠ ሲፈታት፣ ክሩ ከእግሯ ሥጋ ጋር ተጣብቆ ነበር። ስትለቀቅ በረረች፣ እግሯን ግን ማጠፍ አልቻለችም። ያን ገመድ የሰቀልነው ለእግዚአብሔር ክብር ነበር፤ ማውረድም የዚያው ክብር ክፍል እንደ ነበረ ያን ቀን ገባኝ።

የወይራው ቅርንጫፍስ? ዘዳግም 22፥6-7 ጎጆ የሚያገኝ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል። ሕጉ ጫጩቶቹን መውሰድ ፈጽሞ አይከለክልም፤ ነገር ግን ለሚጠብቀው ሰው መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ተስፋ ይሰጣል፤ ይህም አባትና እናትን ለሚያከብር የተሰጠው ተስፋ ነው (ዘዳ. 5፥16)። እግዚአብሔር ታላቁን ትእዛዝ ያሰረበትን በረከት በዚህች ትንሽ ትእዛዝ ላይም ማሰሩን አስቢ። የትንንሽ ወፎች ጫጩቶች ከተፈለፈሉ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከጎጆ ይወጣሉ፤ ድንኳኑን ጥቂት ክንድ ማዛወር ለማንም ከባድ አይሆንም።

እሑድን በተመለከተ፣ መቆፈር፣ መቁረጥ፣ ድንጋይ ማመላለስ የሰንበት ሥራ አይደለም፤ በቀዳሚት ሰንበትም ቢሆን ከባዱን ሥራ ባትጀምሩት እመርጣለሁ። ነገር ግን ጌታ በሰንበት ጉድጓድ የገባች በግ መውጣቷን እንደ ምሕረት ቈጥሮታልና (ማቴ. 12፥11) ሳሕኑን አጥቦ ውኃ መለወጥን፣ የተያዘች ወፍ መፍታትን ማንም ሊከለክላችሁ አይገባም። ቅዳሴ ተጀምሮ ሳለ ግን መጥረጊያም ሆነ ውኃ መቅጃ ይዞ መታየት ነውር ነው።

የገሠጿችሁ አባትም የጸሎትን ሰዓት ሥራ እንዳይሻማው ፈርተው ከሆነ እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ሥራችሁን በጸሎት ጀምሩ፤ ኪዳን በሚደርስበት ሰዓትም አትሥሩ። ዛፍ መቁረጥም ሆነ መትከል ያለ ደብሩ አስተዳዳሪና ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ አይሁን፤ መቃብር ባለበት በኩል ደግሞ ቤተሰብን ሳታማክሩ አትቆፍሩ። ስለ ቅርንጫፉ እኚህኑ አባት ቀድማችሁ አናግሯቸው፤ ይዛችኋቸው ሂዱና ጎጆውን ከሥሩ ቆመው ይዩት።