በጨርቅ ላይ አጥርቶ መጻፍ፦ ስለ ኩዊልት መለያ ጥያቄና መልስ

ኩዊልት፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋው ድርብ ብርድ ልብስ፣ ማን ለማን እንደሠራው የሚገልጽ መለያ በጀርባው ይሰፋለታል። መለያውን በእጅ ስለመጻፍ ከአባላት የቀረቡትን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወረቀት ላይ የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው፤ ጨርቅ ላይ ግን ይጣመማል፣ ቀለሙም ይሰራጫል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች መነሻቸው የተለያየ ነው። ጽሑፉ የሚጣመመው ጨርቁ በእስክሪብቶው ጫፍ ስለሚጎተት ነው። መፍትሔው አንድ ገጹ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ የምግብ መጠቅለያ ወረቀት ነው፤ ፕላስቲኩ ያለበትን ገጽ ከጨርቁ ጀርባ ጋር አገናኝተው በደረቅ ካውያ ሲተኩሱት ይጣበቃል፣ ጨርቁም እንደ ካርቶን ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲጨርሱም ወረቀቱ በቀላሉ ይላጣል። ወረቀቱ ካልተገኘ ጨርቁን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ዘርግቶ መጻፍም መንሸራተቱን ይቀንሳል። ቀለሙ የሚሰራጨው ደግሞ የጥጥ ክር ፈሳሽ ስለሚስብ ነው። ስለዚህ ድርና ማጉ ጥብቅ የሆነ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ ጥጥ ይምረጡ፤ ፋብሪካው የቀባው ማጠንከሪያ ቀለሙ ክሩ ውስጥ እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል፣ አስቀድመው ያለ ማለስለሻ ይጠቡት።

ጥያቄ፦ መስመሩን ቀጥ አድርጌ ለመጠበቅ ጨርቁ ላይ በእርሳስ ላስምር?

መልስ፦ አያስፈልግም። ከመለጠፍዎ በፊት ፕላስቲክ በሌለው የወረቀቱ ገጽ ላይ በደማቅ ቀለም ያስምሩ፤ ፈካ ባለው ጨርቅ አሳልፎ ይታያል። በሙቀት የሚጠፉ እስክሪብቶዎችን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ካውያ ሲነካቸው የጠፉ ይመስላሉ፤ ኩዊልቱ ብርቱ ቅዝቃዜ ባለበት ሲቀመጥ ግን መስመሩ ተመልሶ ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ የትኛው እስክሪብቶ ይሻላል? ተራ ማርከር አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። በአልኮል የሚሠራው ማርከር በክሩ ላይ ቶሎ ይሰራጫል፣ ከጊዜ በኋላም ይደበዝዛል፣ ዙሪያውም ቢጫ ሊሆን ይችላል። የምመክረው የፒግመንት ቀለም፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ የማይሟሟ ደቃቅ የቀለም ብናኝ ያለበት ቀለም፣ ያለውን እስክሪብቶ ነው፤ በውኃ አይለቅም፣ ብርሃንንም ይቋቋማል። የሳኩራ ኩባንያ ፒግማ ማይክሮን በብዛት የሚሠራበት ሲሆን፣ 01 የተባለው 0.25 ሚሊሜትር፣ 05 የተባለው ደግሞ 0.45 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው መስመር ያወጣል። ለዋናው ጽሑፍ 05ን፣ ለደቃቅ ዝርዝር 01ን እመርጣለሁ። የቀለም ምርጫን አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የወዳጅ ዘመድ ስም የተጻፈባቸው ኩዊልቶች ተስፋፍተው ነበር፤ ከዚያ ዘመን ኩዊልቶች መካከል ብረት ያለበት ቀለም ጨርቁን በልቶት፣ ስም በነበረበት ቦታ ቀዳዳ ብቻ የቀረባቸው አሉ። ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ ላይ ስም የሚጽፍ ሰው ስለ ቀለሙ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ፊደሎቼ እየተደፈኑ አስቸገሩኝ። እጄን እንዴት ላሠልጥን?

መልስ፦ የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለየው በቀኝ እግራቸው ጫፍ ያለው ቅጥያ ብቻ ነው፤ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ከተደፈነ አንባቢ «ቢ» ብሎ ያነበዋል፣ የሰው ስምም ይበላሻል። ስለዚህ ፊደሉን ወረቀት ላይ ከለመዱት ከፍ አድርገው ይጻፉ፤ ቀለበቱንም ከሚገባው በላይ የሰፋ እስኪመስልዎ ድረስ ክፍት ይተዉት። እስክሪብቶውን ሳይጫኑ፣ በዝግታ ያስኪዱት፤ ጫፉ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቀለሙ ይጠራቀማል። መስመሩ ከሳሳ ሲደርቅ ደግመው ይሂዱበት እንጂ መጀመሪያውኑ አያወፍሩት። ሁልጊዜም ከዚያው ጨርቅ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ሙሉውን ጽሑፍ አስቀድመው ይሞክሩ፤ የመስመሩ ርዝመት የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ጽፌ ስጨርስ ወዲያው ልጠበው?

መልስ፦ አይጠቡት። በሚገባ ከደረቀ በኋላ፣ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው ያለ እንፋሎት ይተኩሱት።

ጥያቄ፦ ምን ምን ልጻፍ? የትስ ልስፋው?

መልስ፦ የሠሪው ሙሉ ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፉ፤ «ከእናትህ» ብቻ ማለት ለልጁ ይበቃል፣ ለልጅ ልጁ ግን ማን እንደሆነች አይነግረውም። አጠባቡንም በአጭሩ መጨመር ጠቃሚ ነው። መለያው እንዳይነቀል ከፈለጉ፣ ሦስቱ ንብርብሮች (የላዩ ጨርቅ፣ የመሃሉ ሙሌትና የጀርባው ጨርቅ) አንድ ላይ ከመሰፋታቸው በፊት በጀርባው ጨርቅ ላይ ይስፉት፤ የኩዊልቱ ስፌት በመለያው ላይ ስለሚያልፍ ከብርድ ልብሱ ለመለየት ያስቸግራል። ስፌቱ ግን ፊደሎቹን እንዳያቋርጥ መንገዱን አስቀድመው ያስቡበት።