ስኳርን በምን እንተካው? ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጠ መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ስኳር ምትክ ጠይቁኝ ብያችሁ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ እናቴም ስኳር ሕመም ስላለባት ነገሩን ከሥራም ከቤትም አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሻዬን በማር ማጣፈጥ ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ እንደልቤ ብጨምር ምን አለበት?

እህቴ፣ ማርም ከመቶ ሰማንያ እጁ ገደማ ስኳር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። ቤቴ ባለችው ትንሽ ሚዛን ለክቼዋለሁ፦ ልክክ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ሲሆን፣ በዚያው ማንኪያ ማር 7 ግራም ይመዝናል። ማር ደግሞ ከማንኪያው ጀርባም ተንጠልጥሎ ይገባል። ካሎሪው 16 ለ 21 ገደማ ነው፤ ማሩ ይበልጣል ማለት ነው። ደግነቱ ከስኳር ይልቅ ስለሚጣፍጥ ግማሽ ማንኪያ ሊበቃሽ ይችላል። ማር የሚጠቅምሽ እንዲህ ስትቀንሺ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በቀን ስንት ማንኪያ ይፈቀዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ይላል። ሃያ አምስቱ ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማርና ጭማቂም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ሙሉ ፍራፍሬ ግን አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ያለሁት ሪያድ ነው፤ ተምር እንደልብ ነው። ለገንፎ ማጣፈጫ ይሆናል?

በጣም! ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ስኳሩ ከነአሰሩ ነው የሚገባው። ፍሬውን አውጥተህ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ዘፍዝፈውና ከነውኃው ፍጨው። ግን መጁል የሚባለው ትልቁ የተምር ዓይነት አንዱ ፍሬ ብቻ 16 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ስለዚህ ቁጠር። የተምር ሽሮፕ ግን አሰሩ ስለተጣለ ከስኳር ብዙም አይለይም።

ጥያቄ፦ ቡናማ ስኳርስ ይሻላል?

አይሻልም። ትንሽ ሞላሰስ (ስኳር ሲጣራ የሚቀረው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ያለበት ያው ስኳር ነው።

ጥያቄ፦ ማሬ ረጋብኝ። ስኳር ቀላቅለውበት ይሆን?

በመርጋቱ ብቻ አትጠርጥሪው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። በክብሪትና በውኃ የሚደረገው ሙከራም አያስተማምንም። ከምታምኚው አናቢ መግዛት ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳር አለበት። ስቲቪያ ልግዛለት?

የፓራጓይ አካባቢ ተክል ነው፤ የተጣራው ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል፣ የደም ስኳርም አይጨምርም። ስትገዛ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብብ፤ የደም ስኳር የሚጨምሩትን ዴክስትሮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን ቀላቅለው የሚሸጡት አሉና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለክብደት መቀነሻ አትጠቀሙበት ብሏል፤ ምክሩ ግን ስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። አባትህ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ልጄን ሳል ይዞታል፤ ማር ላልሰው?

እባክሽ እንዳታልሺው! ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቀምስም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ጡንቻ የሚያዝል ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ገና አይከላከለውም፣ ቤት ውስጥ ቢፈላም አይሞትም። ለሳሉ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ስኳሬ በድንገት ሲወርድ ተምር ይበቃኛል?

ይህን ሁሉም ያንብብልኝ። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ሲወርድ የሚፈለገው ፈጥኖ ደም ውስጥ የሚገባ ነው፤ ተምር በአሰሩ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል፣ ስቲቪያ ደግሞ ጨርሶ አይረዳም። ያኔ የምንሸሸው ነጭ ስኳር መድኃኒት ነው፦ አራት የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርም ይሆናል። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትወጣው።

ጥያቄ፦ ያለ ስኳር ሻይ አይወርድልኝም። ምን ይሻለኛል?

ምላስ ይለምዳል፤ ጊዜ ስጪው እንጂ በአንድ ቀን አትቁረጪ። እናቴ ሦስት ማንኪያ ነበር የምትጨምረው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስንላት፤ ሻዩንም በቀረፋና በቅርንፉድ ጠንከር አድርገን አፈላነው። በአሥረኛው ሳምንት ግማሽ ማንኪያ ላይ ደረሰች። አሁን ጎረቤት ሄዳ ሦስት ማንኪያ የገባበት ሻይ ሲቀርብላት አንዴ ፉት ብላ ታስቀምጠዋለች።