የእንጨት ቤት 500 ዓመት እንዴት ይቆማል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ላቨንሃም የሚባል የእንግሊዝ ከተማ ፎቶ አየሁ። ቤቶቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ከተሠሩ 500 ዓመት ሆኗቸዋል። ፎቁ ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል። የአያቴ ቤትም በፊት ለፊት ሱቅ፣ በጓሮ መኖሪያ ነው። ቋሚዎቹ ግን ከሥራቸው በሰበሱ። በሲሚንቶ ልናስለስነው ነው። የእነሱ ቤት እንዴት ቆየ?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ልጄ፣ እባክሽ ሲሚንቶውን ተዪው!

ነገሩ ያለው ከእግሩ ነው። እኛ ቋሚውን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብረዋለን። ክረምት ውሃ ይጠጣል፣ በጋ ምስጥ ይበላዋል። እነሱ መጀመሪያ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ይሠራሉ። ካቡ ላይ ወፍራም እንጨት ያጋድማሉ፤ ቋሚው የሚተከለው እሱ ላይ ነው። አፈር አይነካውም።

አሠራሩማ እኔን አናጺውን ያስቀናኛል። ኦክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት በእርጥቡ ይጠርባሉ። የአንዱ ጫፍ ምላስ ይወጣለታል፣ ሌላው ይፈለፈላል። ሲገጥም ቀዳዳ ይበሳና የእንጨት ችንካር ይመታበታል፤ ሚስማር የለም። አናጺው ሁሉንም ግቢው ውስጥ ገጥሞ ያያል። መጋጠሚያው ላይ በመሮ ምልክት ይጭራል። ከዚያ ፈታትቶ ወስዶ ቦታው ላይ ያቆመዋል። ጭረቶቹ ዛሬም እንጨቱ ላይ ይነበባሉ።

ግድግዳውን አያትሽ ያውቁታል፦ የተጎነጎነ ቀጭን እንጨት፣ ጭድና እበት የገባበት ጭቃ። ላዩ ኖራ ነው። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። እዚያም በሲሚንቶ የተለሰኑ ብዙ አሮጌ ቤቶች ተበላሽተዋል፤ አሁን እየላጡ ወደ ኖራ ይመልሷቸዋል።

ፎቁ የወጣው የወለሉ ተሸካሚዎች ከታችኛው ግድግዳ አልፈው ስለሚረዝሙ ነው። የላይኛው ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ያርፋል። ክፍሉ ይሰፋል፣ ሱቁም ከዝናብ ይጠለላል። የድሮው ሱቅ መስኮት መስታወት አልነበረውም። የሳንቃ መዝጊያው ወደ ውጭ ይዘረጋና ዕቃ መደርደሪያ ይሆናል፤ ማታ ይዘጋል።

ለአያትሽ ቤት፦ ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር አንሡ፣ ቦይ አውጡ። ጣሪያውን በባላ ደግፉና የበሰበሰውን እግር ቆርጣችሁ ከሥሩ ድንጋይ ካቡለት። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን ቋሚ እንዳትነኩ። ቋሚው ከመሬት ሲነቀል ቤቱ ይወዛወዛልና ማዕዘኖቹ ላይ ሰያፍ እንጨት ይግባ። እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሥራውን የካቲት ላይ ጀምሩት፤ ዝናቡ ሳይመጣ ጭቃው ይደርቃል።