ቁልፉ በማን ኪስ ነው? ለጀማሪዋ የሴፍቲ ኦዲተር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በኢንዱስትሪያል ምህንድስና ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የምርት መስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ። አሁን አለቃዬ የፋብሪካውን የሴፍቲ ኦዲት አንቺ ትሠሪያለሽ አለኝ። የመጀመሪያው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አጭር ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ስድስት ገጽ ቼክሊስትም ተሰጥቶኛል። ፎርማኖቹና መካኒኮቹ በዕድሜ አባቶቼ ናቸው፤ ይሰሙኛል ብዬ አላስብም። ይባስ ብሎ አለቃዬ ‹ገዢዎቹ ስለሚያዩት የሚያሳፍረንን ነገር እንዳትጽፊ› ብሎኛል። ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? ሥራው ወደፊት ያዋጣል? የትኛውን ሰርተፍኬትስ ልውሰድ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ተቀበይው። ምክንያቱን ከመንገሬ በፊት ግን የአንድ በር ታሪክ ላውጋሽ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔም እንዳንቺ ሥልጠናዬን ጨርሼ፣ ቼክሊስት ይዤ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ገባሁ። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል። የሥልጠና ፋይል አለ፣ ፊርማ አለ፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ በቀለም ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቼክሊስቴ «የአደጋ ጊዜ መውጫ በር አለ?» ይላል። በሩ አለ። ከላዩም አረንጓዴ የመውጫ ምልክት አለው። «አለ» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ እስክሪብቶዬን ሳነሳ እጀታው ላይ አቧራ አየሁ። በጣቴ ብነካው አሻራዬ ታተመበት። «እስቲ ክፈቱልኝ» አልኩ።

ፎርማኑ ግራና ቀኝ አየ። «ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው» አለኝ። ተደወለ። የንብረት ክፍሉ ሰው ምሳ ወጥቷል። ሰዓቴን አየሁ፤ 6፡10 ይላል። ሰውየው ተፈልጎ፣ ቁልፉ መጥቶ፣ የዛገው ጓጉንቸር በስንት መከራ ተከፍቶ በሩ ሲገፋ 6፡28 ሆነ። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ ከበሩ ማዶ የተሰባበረ ፓሌት ተከምሮበታል። 18 ደቂቃ። ጭስ ውስጥ ያለ ሰው 18 ደቂቃ ከየት ያመጣል?

ሪፖርቴ ላይ «የመውጫ በር አያያዙ መሻሻል አለበት» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እኔ የጻፍኩት ሰዓቱን ነው። በሩ እንዲከፈት የተጠየቀው 6፡10፣ የተከፈተው 6፡28፣ ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል። ሥራ አስኪያጁ ሌላውን ገጽ ገለጥ ገለጥ እያደረገ አለፈው። እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ አነበበው።

ይህን የማነሳው ነገሩ የሰው ሕይወት ስለሆነ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። ልክ እንዳንቺ ፋብሪካ ልብስ ለውጭ ገዢ የሚሰፋ ነበር። ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ መሆኑን በ2020 ፍርድ ቤት ወስኗል። ሰዉ ያለቀው ግን መውጫ አጥቶ ነው፤ መስኮቶቹ በብረት ታጥረው፣ በሮች ተቆልፈው ነበር። ፋብሪካው ኤስኤ 8000 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሥራ ሁኔታ ሰርተፍኬት ከተቀበለ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር የተቆጠሩት። ኦዲት ተደርጎ አልፏል ማለት ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያ አቧራ ይታወሰኛል። እጀታውን ባልነካው ኖሮ እኔም «አለ» ብዬ ሄጄ ነበር።

ስለዚህ ስድስት ገጹን ቼክሊስት አትጣይው፣ ግን እሱ አይምራሽ። «አለ?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉ «አሳዩኝ» በሚል ቀይሪው። የእሳት ማጥፊያ አለ? አሳዩኝ። የዱቄቱ ከሆነ የጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን እይ። የካርቦንዳይኦክሳይዱ ጌጅ የለውም፤ ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው። መቼ እንደተመዘነ ጠይቂ። ከዚያ አንዷን ኦፕሬተር «እሳት ቢነሳ ይሄን እንዴት ትጠቀሚበታለሽ?» በያት። ካርቶን ተደርድሮበት እጇ የማይደርስ ከሆነ መልሱ ያ ነው።

የመካኒኮቹ ክፍል ስትሄጂ ደግሞ የሁሉንም ትልቁን ጥያቄ ጠይቂ። ማሽን ሲጠገን ኤሌክትሪኩ የሚጠፋው የት ነው? ማብሪያው ይቆለፋል? ቁልፉስ በማን ኪስ ነው? ቁልፉ መሆን ያለበት እጁን ማሽኑ ውስጥ ባስገባው ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው። አለቃው ጋ ከሆነ፣ ወይም «ጠግነን እስክንጨርስ አትንኩት ብለን እንናገራለን» ካሉሽ፣ ሳታመነቺ ጻፊው። አንድ ሰው ሳያውቅ ማብሪያውን ቢጫን የሚቆረጠው የሌላው እጅ ነው።

ወደ በሩ ልመለስ። ያ ፎርማን ክፉ ሰው አልነበረም። በሩ የተቆለፈው በዚያ በኩል ዕቃ ይወጣ ስለነበር ነው። ሌብነቱ እውነት ነው፣ ኪሳራውም እውነት ነው። ይህን ሳትሰሚ «በሩ ይከፈት» ብለሽ ብቻ ብትጽፊ፣ አንቺ እስክትሄጂ ይከፈትና ማታውኑ ይቆለፋል። እኛ ተቀምጠን የተስማማነው ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት፣ ሲከፈት ደግሞ የሚጮህ በር እንዲገጠም ነበር። ዕቃ የሚያወጣው ይታወቃል፣ እሳት ቢነሳም ሠራተኛው ይወጣል።

የፍተሻና የኦዲት ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። ፍተሻ «በሩ ተቆልፏል» ይላል። ኦዲት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ይህ በር ይህን ያህል ጊዜ ተቆልፎ ሲኖር ለምን ማንም አላየውም? ወርኃዊ ፍተሻውን የሚፈርመው ማን ነው? ሲፈርም በሩን ነክቶታል? አንቺ የምትመረምሪው ስህተቱን ብቻ ሳይሆን ስህተቱ ሳይታይ የኖረበትን ምክንያት ነው። ምህንድስና የተማርሽ ሰው ይህ ይቀልሻል ብዬ አምናለሁ። የምርት መስመር ላይ ጉድለት ሲደጋገም ምንጩን እንደምትፈልጊው ማለት ነው።

ቼክሊስትሽ ላይ የማይኖር አንድ ነገር ላክልልሽ። የአደጋ መዝገቡን ውሰጂና ከክሊኒኩ መዝገብ ጎን አስቀምጪው። ክሊኒኩ በወሩ ውስጥ መርፌ የወጋው ጣት፣ ካውያ ያቃጠለው ክንድ እየጻፈ፣ የአደጋ መዝገቡ ባዶ ከሆነ፣ ባዶነቱ የምሥራች አይደለም። ሰዎቹ መናገር ፈርተዋል፣ ወይም የነገሩት ሰው አልጻፈውም። እዚያ ላይ ቆይበት። ሽፍት ካላችሁ ደግሞ በማታውም ግቢ። ቀን ክፍት የነበረ በር፣ ቀን የነበረች ነርስ፣ ቀን የነበረ ሱፐርቫይዘር በሌሊት ላይኖሩ ይችላሉ።

አሁን ስለ ፎርማኖቹ። አይሰሙኝም ብለሽ አትግቢ። እንዲሰሙሽ ሳይሆን ልትሰሚያቸው ግቢ። የሃያ ዓመት መካኒክ የትኛው ማሽን ሰው እንደሚጎዳ ያውቃል፤ የጠየቀው ሰው የለም እንጂ። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ሲያስቸግርዎ ምን ያደርጋሉ?» ብለሽ ጀምሪ። የዓይን መከላከያው ለምን እንደተነሳ ይነግሩሻል። ክር ለማስገባት ያስቸግራል፣ ታርጌት አለ፣ ልጅቷ በሰዓት ያን ያህል ማውጣት አለባት። ይህን ከነገሩሽ በኋላ «ኦፕሬተሯ መከላከያ አልተጠቀመችም» ብለሽ በልጅቷ ላይ አትጻፊ። ታርጌቱን ጻፊ፣ የመከላከያውንም አሠራር ጻፊ። የሰው ስም ሪፖርትሽ ውስጥ አይግባ። ይህን አንድ ጊዜ ካዩ በሁለተኛው ኦዲት ራሳቸው ይጠሩሻል። ከኦፕሬተሮቹ ጋር ስታወሪ ደግሞ አለቃቸው በሌለበት ይሁን። አለቃ አጠገብ ቆሞ «ሁሉ ሰላም ነው» ያላለ ሠራተኛ አላጋጠመኝም።

አንድ ማሳሰቢያ። ያንቺን መስመር አንቺ ኦዲት ማድረግ የለብሽም። የራስን ሥራ ራስ መመርመር ትክክል አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር ደረጃ አይኤስኦ 45001ም ኦዲተር ገለልተኛ ይሁን ይላል። ለዚያ ክፍል ሌላ ሰው ይመደብልኝ በያቸው። ይህን መጠየቅሽ ብቻ ክብር ይጨምርልሻል።

ከሁሉ የከበደው የአለቃሽ ቃል ነው። በቁም ነገር እንየው። «የሚያሳፍረንን አትጻፊ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃቱ ሳያውቀው ገዢው ፊት መዋረድ ነው። ይህን ፍርሃት ልትቀንሺለት ትችያለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ሄደሽ አነጋግሪው። ያገኘሁትን ሁሉ ሪፖርት ከመጻፌ በፊት በዚያው ቀን እነግርዎታለሁ፣ ወዲያው የተስተካከለውን መስተካከሉን ጨምሬ እጽፋለሁ፣ ጊዜ የሚፈልገውን ማን በስንት ቀን እንደሚያስተካክለው አብረን እናስቀምጣለን በይው። የገዢዎቹ ኦዲተሮች መምጣታቸው አይቀርም። ተገኝቶ፣ ተጽፎ፣ እየተስተካከለ ያለ ችግር ሲያዩና የተደበቀ ችግር ሲያገኙ የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪውን፣ አንቀጽ 93 የሠራተኛውን ግዴታ ይዘረዝራል። አደጋን መመዝገብና ማሳወቅ፣ የመከላከያ ቁሳቁስ ማቅረብ፣ ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ናቸው። ሁለቱን አንቀጾች ዛሬ ማታ አንብቢያቸው፤ ረጅም አይደሉም። አለቃሽን ለማስፈራራት አትጠቀሚባቸው። ምን እየጠየቅሽ እንደሆነ አንቺ ራስሽ እንድታውቂ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ያንን መስመር ከሪፖርቱ አውጪው» ቢልሽስ? አታውጪው። አነጋገሩን አለስልሺ፣ ቅጽል ካለ አንሺ፣ ያየሽውን ግን አታንሺ። ካስገደደሽ አትፈርሚ። እኔ እንዲህ ያለ መስመር አላወጣም ብዬ ሥራ አጥቻለሁ። ወራት ከብዶኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ውሳኔው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የተቆለፈን በር «ክፍት ነው» ብሎ የፈረመ ሰው ያ በር በሚፈለግበት ቀን የት ይገባል? ደግሞ ሰው ላይ ወዲያው ሊደርስ የሚችል አደጋ ካየሽ ሪፖርት አትጠብቂ። እዚያው አስቁሚ፣ እዚያው ተናገሪ።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ያዋጣል። ስፌት ፋብሪካ መጀመሪያሽ እንጂ መጨረሻሽ አይደለም። ሲሚንቶ፣ ስኳር፣ ቆዳ፣ አበባ፣ ኮንስትራክሽን፣ ሁሉም ይህን ሰው ይፈልጋል። እያንዳንዱ የራሱን ነገር ያስተምርሻል። ጥጥ መፍተያ ስትገቢ «ከእረፍት ቀን ማግስት ደረትሽን ያጨናንቅሻል?» ብለሽ መጠየቅ ትማሪያለሽ፤ የጥጥ ብናኝ በሽታ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። «አሁን አይሸትም» ብሎ የሚገባ ሰው ይሞታል።

ሰርተፍኬት ላይ አትቸኩይ። መጀመሪያ የአይኤስኦ 45001 የውስጥ ኦዲተር ሥልጠና በቂ ነው። ሁለት ሦስት ኦዲት ከሠራሽ በኋላ የኦዲት ቡድን መሪ የሚያደርግሽን የሊድ ኦዲተር ሥልጠና ውሰጂ፤ ያኔ የሚያስተምሩሽ ነገር መልክ አለው። ኔቦሽ የሚባለው የእንግሊዝ የሥራ ደህንነት ሰርተፍኬትም ጥሩ ነው፣ በተለይ ወደ ባህረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ ትልልቅ ኮንስትራክሽኖች ለመሄድ ካሰብሽ በብዙ ማስታወቂያ ላይ ይጠየቃል። ግን ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈል ነው። ገና ሥራውን ሳትቀምሺ ያጠራቀምሽውን እዚያ አታፍስሺ።

ለመጪው ሦስት ሳምንት የምመክርሽ ይህን ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቼክሊስት ሳትይዢ ፋብሪካውን ዙሪ። ክንድ በሚያህል ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመግባባት ድምፅሽን ከፍ ማድረግ ካስፈለገሽ፣ ድምፁ ከ85 ዴሲቤል በላይ ሊሆን ስለሚችል ያን ቦታ መዝግቢ፣ ይለካ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ፈሳሽ ካየሽ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ውኃ መስሎት የሚጠጣው ሰው አለ። እያንዳንዱን የመውጫ በር በእጅሽ ግፊ።

የመጀመሪያውን ሪፖርትሽን የፋብሪካውንና የሰዎቹን ስም አውጥተሽ ላኪልኝ። ተቀምጬ አነበዋለሁ፣ መስመር በመስመር እንነጋገርበታለን።