ዲሹ ሙሉ በሙሉ ከመቀየሩ በፊት የኬብሉ ጫፍ ይታይ

እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሥዕሉ እየተቆራረጠ ቆይቶ አሁን ከፊሎቹ ጣቢያዎች ጨርሰው እንደጠፉ፣ የጠሩት ባለሙያም «ዲሹም ኤልኤንቢውም (ከዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ሞገድ ተቀባይ) ሪሲቨሩም ይቀየር» ብሎ 9,000 ብር እንደጠየቀዎት ጽፈዋል፤ ዋጋው ተገቢ ነው ወይ ብለውም ጠይቀዋል። እኔ የዲሽ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በአንድ ክረምት ለዚሁ ችግር ሦስት ባለሙያዎችን ጠርቼ ከሦስቱም የተለያየ ምክንያት የሰማሁ፣ የሁለቱንም ስህተት ከኪሴ የከፈልኩ ሰው ስለሆንኩ መልስ ለመስጠት ደፈርኩ።

ሦስቱም ዕቃ አዲስ ይሁን ከተባለ ዋጋው ያን ያህል የተጋነነ ላይሆን ይችላል። ጥያቄው ሦስቱም በአንድ ጊዜ እንዴት ተበላሹ የሚለው ነው። መብረቅ ካልመታው ወይም ኃይለኛ የመብራት መዋዠቅ ካላገኘው በቀር ዲሽ፣ ኤልኤንቢና ሪሲቨር ተነጋግረው በአንድ ሳምንት አይሞቱም። ዲሽማ ጎንበስ ያለ ብረት ነው፤ ካልተጣመመ ወይም ዝገት ካልበላው ምን ይበላሻል?

በእኔ ቤት የመጀመሪያው ባለሙያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኤልኤንቢው ተቃጥሏል አለኝና የዕቃውንና የእጁን 1,200 ብር ተቀብሎ ቀየረው። ሥዕሉ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሲጥል እንደገና ሄደ። ሁለተኛው ችግሩ ከሪሲቨሩ ነው ብሎ 3,500 ብር የሚያወጣ አዲስ ሪሲቨር ሸጠልኝ፤ እሱም አንድ ሳምንት አልቆየም። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ወደ ጣሪያ ከመውጣታቸው በፊት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሪሞቱን ጠየቁኝ፤ በሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ ገብተው የሲግናሉን ሁለት መስመሮች ተመለከቱ፤ ከዚያም የትኞቹ ጣቢያዎች እንደሚገቡና የትኞቹ እንደጠፉ አንድ በአንድ አዩ። በመጨረሻ ወጥተው ኤልኤንቢው ላይ የተጠመጠመውን ኮኔክተር፣ ማለትም የኬብሉን ማገናኛ ጫፍ፣ ሲፈቱት ከውስጡ ውኃ ጠብ አለ፤ የኬብሉ መዳብም እንደ አሮጌ ሳንቲም አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ክንድ ያህል ቆርጠው ጣሉ፣ አዲስ ኮኔክተር አሰሩለት፣ በላስቲክ አሸጉት፤ የጠየቁኝም 700 ብር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው በድሮው ሪሲቨር ነው፤ አዲሱ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

ምክንያቱን እሳቸው እንዳስረዱኝ ልንገርዎት፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይታለልምና። ያ ኬብል ሥዕሉን ወደ ታች ከማምጣቱ በተጨማሪ ለኤልኤንቢው የሚሆን ኤሌክትሪክ ከሪሲቨሩ ወደ ላይ ይወስዳል። ቨርቲካል (ሞገዳቸው ቀጥ ብሎ የሚርገበገብ) ለሆኑት ጣቢያዎች 13 ቮልት፣ ሆሪዞንታል (አግድም የሚርገበገብ) ለሆኑት ደግሞ 18 ቮልት ይላካል፤ ኤልኤንቢው የትኛውን እንደሚቀበል የሚለየው በዚሁ ልዩነት ነው። ኮኔክተሩ ውስጥ ውኃ ሲገባ ወይም መዳቡ ሲበላ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀንሳል፤ 18 ሆኖ የተላከው ሳይሞላ ይደርስና ኤልኤንቢው 13 እንደተላከለት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሆሪዞንታሎቹ ብቻ ጠፍተው ሌሎቹ በደህና ከታዩ፣ የእርስዎ ሁኔታም ይህን ይመስላል፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉና ኮኔክተሩ ነው፤ ቀጥሎ የሪሲቨሩ ኃይል ሰጪ ክፍል። ዲሹን መቀየር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ማንንም ሳይጠሩ የሲግናሉን ሁለት መስመሮች እርስዎም ማየት ይችላሉ። አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ጥራት ነው። ጥንካሬው ከፍ ብሎ ጥራቱ ዜሮ ከሆነ ኤልኤንቢው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ዲሹ ከአቅጣጫው ተዛንፏል ወይም ፍሪኩዌንሲው በትክክል አልተሞላም። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ኬብሉ ተቋርጧል ወይም ኤልኤንቢው ሞቷል። ሁለት ዲሽ በስዊች አገናኝተው የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የዳይሴኩ ቁጥር (ስዊቹ የትኛውን ዲሽ እንዲመርጥ የሚነግረው) ተቀይሮ እንዳይሆን አስቀድመው ይመልከቱ፤ ልጆች ሪሞት ሲነካኩ ያጠፉትን ነገር ለማስመለስ ለባለሙያ የከፈለ ጎረቤት አለኝ።

ስለ አቅጣጫው ጥቂት ልጨምር። ኢትዮሳት የሚሠራጭባት ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስላለች ከአዲስ አበባ ሲታይ ዲሹ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ቀና ያለ ሰማይ ማየት አለበት። ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀና ይላል። እንግዲህ አንዱ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ሌላው ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው፤ «በአንዱ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሬ ሁለቱንም አስገባልዎታለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ በትሕትና ያሰናብቱት። በእኛ አገር ኤልኤንቢውም በመያዣው ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ ይህን ሳያስተካክል ዲሹን ብቻ ሲያዞር የሚውል ባለሙያ ጥራቱን አያገኘውም። ሳተላይቷ ያለችው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአንድ ዲግሪ መዛነፍ እዚያ ሲደርስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ነፋስ በጥቂቱ የገፋው ወይም እርግብ የሰፈረበት ዲሽ ሥዕል የሚያሳጣው። ብሎኑን በደንብ ማጥበቅ ብቻ የሚፈታው ችግር ብዙ ነው።

ሁሉም መቋረጥ ብልሽት እንዳልሆነም ይታወቅ። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥና ዝናቡ ሲያባራ ቢመለስ ዝናቡ ሞገዱን ስለሚያደክመው ነው፤ ዝናቡ ቆሞም ካልተመለሰ ግን ወደ ኮኔክተሩ ይሂዱ። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ ደግሞ ፀሐይ በሳተላይቷ ጀርባ በኩል ስለምታልፍ፣ ኢትዮሳት ለተከታታይ ጥቂት ቀናት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ለደቂቃዎች ሊጠፋ ይችላል። በዚያች ሰዓት ባለሙያ ቢመጣ ገና መፍቻውን ሳያነሣ ሥዕሉ ራሱ ይመለስልዎታል፤ ሰውየው ገንዘቡን ግን ይቀበላል።

ወደ ዋጋው ስመለስ፣ ስምምነቱን ለሁለት ይክፈሉት። መጀመሪያ ችግሩን ለማግኘትና ለማስተካከል የእጅ ዋጋ ብቻ ይነጋገሩ፤ ዕቃ መቀየር አለበት ከተባለ ደግሞ የተበላሸው ዕቃ እንደተበላሸ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ይህም ቀላል ነው፤ ከጎረቤት ሪሲቨር ለግማሽ ሰዓት ተውሰው በእርስዎ ኬብል ላይ ይሰኩት፤ ያው ጣቢያ አሁንም ከጠፋ ሪሲቨርዎ ንጹሕ ነው። ዕቃውን ራስዎ ገዝተው ቢያቀርቡ ይሻላል፤ በእኔ ቤት በሁለቱ ባለሙያዎች ዘንድ ትርፉ የነበረው ከእጅ ዋጋው ሳይሆን ከሚሸጡት ዕቃ ላይ ነበር። ኬብል መግዛት ካለብዎት ግን አይቆጥቡ፤ ቀጭኑና ርካሹ በሁለት ክረምት ውስጥ ያስለቅስዎታል፤ ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ ያለ ቅጥያ አንድ ወጥ ይሁን።

አንድ ሌላ ወጪ አለ፣ በሂሳቡ ውስጥ የማይጻፍ። ዲሹን በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ በብሎን እንዲያስሩት አይፍቀዱ፤ የእኛን ብሎክ የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች ኮርኒስ ያበሰበሰው እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነው፣ ለጥገናውም ሁላችንም አዋጥተናል። በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ይታሰር። ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ እንዲል ያድርጉት፣ ውኃው እዚያው ጎባጣው ላይ እንዲንጠባጠብ። ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት ደግሞ ባለሙያው ባለበት ከቨርቲካልም ከሆሪዞንታልም ጣቢያዎችን እየቀያየሩ ይመልከቱ፤ እኔ የመጀመሪያውን ሰው የሸኘሁት አንድ ጣቢያ ብቻ አይቼ ነበር።