«ሞርፊን አባቴን ሱስ ያስይዛቸዋል ወይ?» ላልሽው እህቴ

የጻፍሽውን አነበብኩት። የአባትሽ ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ሞርፊን የሚባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ በሽሮፕ አዟል። አጎትሽ ደግሞ «ሱስ ያስይዘዋል» ብለው ጠርሙሱን ደብቀዋል። ልስጥ ወይስ ልተወው ነው ጥያቄሽ።

ስጪያቸው። እኔ እማዬን ደብረ ብርሃን ቤታችን ያስታመምኳት በዚሁ ሽሮፕ ነው። የጡት ካንሰር ነበር፣ አከርካሪዋ ድረስ ተሰራጭቶ።

አጎትሽን ግን አትፍረጂባቸው። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየዋጡ የተበላሹ ልጆችን ስንቱ አይቷል፤ ሰው የሚፈራው ከዚያ ተነስቶ ነው። እነዚያ የሚውጡት ለመስከር ነው። አባትሽ የሚወስዱት ለሕመም ነው፣ ያውም በሐኪም ተለክቶ። እንዲህ የሚወስድ የካንሰር ሕመምተኛ ሱሰኛ ሲሆን ብዙም አይታይም። በሚቀጥለው ቀጠሮ አጎትሽን ይዘሻቸው ሂጂና ሐኪሙ ራሱ ይንገራቸው፤ ከአንቺ አፍ ላይሰሙ ይችላሉ። ጠርሙሱ መቆለፉስ ደግ ነው፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ቁልፉ ግን አስታማሚዋ ጋ ይሁን።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ቤት በሽተኛው እስኪጮህ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንገበገባል። በማግስቱ ሰዓት እያየ «አምጡልኝ» ማለት ይጀምራል። ቤተሰቡም «ይኸው፣ ሱስ ያዘው!» ይላል። ምን ሱስ አለው? ያ ሕመም እንዳይመለስበት ፈርቶ እኮ ነው። በሰዓቱ ሲሰጠው ልመናው ይቀራል። የእማዬ በየ4 ሰዓቱ ነበር፦ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ ማታ 4 ሰዓት ላይ እጥፉን፣ ሌሊቱን እንድትተኛ። ለአባትሽ ግን ሐኪማቸው የጻፈውን ብቻ ስጪ። በመሀል ሕመሙ ከበረታ የሚጨመረውንም እንዲጽፍልሽ ጠይቂው።

ሰውነት መልመዱ አይቀርም፣ ያ ከሱስ ይለያል። በድንገት ከተቋረጠ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ተቅማጥ ይመጣል። ስለዚህ ሳያልቅ አስጽፊ። እንደ ሞርፊን ያለ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት የሚጻፍበት (የናርኮቲክ) ማዘዣ ልዩ ወረቀት ስለሆነ በየቦታው አይገኝም። መሐል ሜዳ ከተማ ሆኖ ጠርሙሱ ካለቀ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን መሮጥ መከራ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ሊተኙ ይችላሉ። «አደንዝዘሽ ልትገያቸው ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢተኛ ምን ይገርማል? ሆኖም ቀስቅሰሻቸው ካልነቁ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ቶሎ ሐኪም ጥሪ። የኩላሊት ችግር ካለባቸውም አስቀድመሽ ንገሪው። አረቄ በፍጹም! «ትንሽ ታሙቀው» የሚል ጠያቂ ይመጣል፣ እሺ እንዳትይ።

እኛን ያስቸገረን የሆድ ድርቀቱ ነው። ማቅለሽለሹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይተዋል፣ ድርቀቱ ግን ሞርፊኑ እስካለ አለ። ከመጀመሪያው ቀን እንደ ቢሳኮዲል ያለ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝላቸው። ተልባ ብቻውን አይበቃም።

ጸበል ካሉም ጻድቃኔ ማርያም ውሰጃቸው፣ መድኃኒቱን ግን አታስቋርጪያቸው። አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ይወሰዳል ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር። መንገዱ አጥንታቸውን ያንገላታዋልና የሰዓታቸውን ሳትሰጪያቸው እንዳትነሱ።