ትርፍ ቤንዚን ይዞ አሸዋ ለሚገባ

ጥያቄ፦
ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው። በቅርቡ ያገለገለ ባለ አራት ጎማ ሞተር ገዝቼ፣ በፒክአፕ እየጫንኩ እሑድ እሑድ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ኔሊስ የአሸዋ ክምር እወጣለሁ። ባለፈው ወር መሀል አሸዋ ላይ ቤንዚን አለቀብኝና በዚያ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ቆመን፣ በመጨረሻ አንድ መንገደኛ ጎትቶ አወጣን። ምግብ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ 17 ሊትር ያህል የሚይዝ ባዶ የዘይት ጀሪካን ሰጥቶኛል። ፊት ለፊት ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ በሚሳብ ላስቲክ ባስረውና ልጄን ከኋላዬ ባስቀምጠው ችግር አለው? ቤትስ የት ላስቀምጠው?
ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

መልስ፦
ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ። ከጀሪካኑ በፊት ስለ ልጁ እንነጋገር። ሞተሩ ለሁለት ሰው ተብሎ የተሠራ ካልሆነ ከኋላ ሰው አይቀመጥበትም። ከአንድ ሰው በላይ አትጫን የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ይሆናል፤ ዛሬውኑ ወርደህ እየው። ለሁለት ሰው የተሠራ ቢሆን እንኳ ጀሪካን በጫንክበት ቀን ልጁን አታስቀምጠው። አሸዋ ላይ ሞተር ሲገለበጥ ጀሪካኑም፣ የጋለው የጭስ መውጫ ማርሚታም፣ ሰውም አንድ ቦታ ነው የሚወድቁት።

ይህን ያህል የማጠብቅብህ ምክንያት አለኝ። ብዙ ዓመት አፋር በረሃ ውስጥ ለጥናት የሚወጡ ሰዎችን መኪና ነድቻለሁ። መኪናው የሚሄደው በናፍጣ ነበር፤ ቤንዚን የምንይዘው ለጀነሬተሩ ነው። አንድ ጊዜ ከመቀሌ ስንነሳ የብረቱ ጀሪካን ስላልተገኘ ያን ሁላችን የምናውቀውን ቢጫ የዘይት ጀሪካን እስከ አንገቱ ሞላሁት። ክዳኑ አልገጥም ሲለኝ እንደ ልማዳችን ፌስታል ጣል አድርጌበት አጠበቅኩት። በርሃሌን አልፈን ሐመድ ኢላ ስንደርስ መሽቷል፣ ሙቀቱ ግን አልበረደም። ጀሪካኑን ሳወርደው ጎኖቹ ተነፍተው ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፌስታሉ ላልቶ ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። ክዳኑን ስፈታው ፉጨት አሰማና ቤንዚኑ እጄ ላይና መሬቱ ላይ ፈሰሰ። አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ረዳቴ ቡና ለማፍላት ቡታጋዝ ለኩሶ ነበር። እሳቱ ከቡታጋዙ ተነስቶ በቁርጭምጭሚት ከፍታ መሬት ለመሬት ወደ እኔ ሲመጣ በዓይኔ አየሁት። መንገዱ ላይ የነበረው ረዳቴ ነው። በአሸዋ አፍነን አጠፋነው፤ እሱ ግን እግሩ እስከ ጉልበቱ ተቃጠለ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ጀሪካኑን የሞላሁትም የከፈትኩትም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ይኼ ነው። የሚነደው የቤንዚኑ ትነት ነው። ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ እንደ ውሃ ዝቅ ያለውን ቦታ እየፈለገ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ እሳት ካገኘም እሳቱን ይዞ ይመለሳል። ሙቀት ደግሞ ፈሳሹንም ያሳብጠዋል። 20 ሊትር ቤንዚን ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ቢሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ጀርመኖች በ1930ዎቹ ለሠራዊታቸው የሠሩት ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ጎኑ ላይ መስቀል የመሰለ ጉድጓድ የተቀረጸበት አንዱ ምክንያት፣ ቤንዚኑ ሲያብጥ ብረቱ የሚለጠጥበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ስሙም የመጣው እንግሊዞች ጀርመንን ጄሪ እያሉ ይጠሩ ስለነበር ነው። እኛ ስሙን ለዘይቱም ለውሃውም መያዣ ሰጠነውና፣ ጀሪካን የተባለ ሁሉ ቤንዚን የሚችል መሰለን።

ስለዚህ የጓደኛህን ጀሪካን ለሌላ ነገር አድርገው። የዘይት ፕላስቲክ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ትነቱን ያሳልፋል፣ ክዳኑም አይችለውም። ለቤንዚን ተብሎ የተሠራውን ቀዩን ግዛ። እዚያ አሜሪካ ከጁላይ 2023 ወዲህ የሚሠሩ 5 ጋሎንና ከዚያ በታች የሚይዙ የቤንዚን ጀሪካኖች እሳት ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል መሣሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ብዙ ጊዜ አፉ ውስጥ የምታየው ወንፊት ነው። ቤንዚኑን ቀስ ያደርገዋል ብለው ነቅለው የሚጥሉት አሉ፤ አንተ አትንካው።

መጠኑንም ቀንስ። 17 ሊትር ቤንዚን ብቻውን ወደ 13 ኪሎ ይመዝናል። የፊቱ መጫኛ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ያነሰ ክብደት ነው የሚችለው፤ ስንት እንደሚችል መጫኛው ላይ ወይም ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ፊቱ ሲከብድ መሪው ይከብድሃል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ፊት ይጥልሃል። ለእሑድ ሽርሽር 2 ጋሎን ይበቃሃል፤ ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከኋላ፣ መሀል ላይ፣ ወደ መቀመጫው አስጠግተህ ከማርሚታው አርቀህ፣ አፉን ወደ ላይ አድርገህ እሰረው። በላስቲክ ግን አይሆንም። ላስቲክ ይለጠጣል፤ ጀሪካኑ በእያንዳንዱ ጉብታ እየዘለለ ብረት ሲፍቀው ይበሳል። መወጠሪያ ያለው ሰፊ ቀበቶ በሁለት በኩል አድርግበት፤ በየዕረፍቱም በእጅህ ነቅነቅ አድርገህ ፈትሸው። ያለህንም ቤንዚን በሦስት ከፍለህ ተጠቀም፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው የማይነካ። አሸዋ ከጠንካራ መንገድ ይልቅ ብዙ እንደሚበላ አትርሳ።

አሁን አደራ የምልህ ነገር ላይ ደረስን። ብዙ ሰው አደጋው መንገድ ላይ ይመስለዋል፤ እኔ የምፈራልህ ስትሞላና ስትከፍት ነው። ማደያ ስትደርስ ጀሪካኑን ከፒክአፑም ከሞተሩም ላይ አውርደህ መሬት ላይ አስቀምጠው። የፒክአፑ ጭነት ቦታ ፕላስቲክ የለበሰ ከሆነ፣ በተቀመጠበት ስትሞላው ኤሌክትሪክ ይጠራቀምና አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። መሬት ላይ ሆኖ የቧንቧው አፍ የጀሪካኑን አፍ እየነካ፣ ቀስ ብለህ ሙላ። ከላይ ባዶ ቦታ ተውለት፤ ከሃያ እጅ አንዱን ያህል። ሲጓዝም ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ውጭ ይሁን።

አሸዋው ላይ ሞተሩን አጥፋና ቢያንስ ሩብ ሰዓት አቀዝቅዘው። ልጁን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ራቅ አድርገህ አቁመው። የሚያጨስ ሰው ካለ ወይም ምድጃ ከተለኮሰ ክዳኑን እንዳትነካ። ጀሪካኑን መሬት ላይ አድርገህ፣ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ጣል አድርገህ፣ ፊትህን ዞር አድርገህ በጥቂት በጥቂቱ ፍታው፤ አየሩ ይውጣ። ከዚያ የሞተሩን ብረት በባዶ እጅህ ነክተህ ቅዳ። የፈሰሰ ካለ ደርቆ ሽታው ሳይጠፋ ሞተሩን አታስነሳ። ትንሽ የዱቄት እሳት ማጥፊያም ከአጠገብህ አይለይ፤ ቤንዚን ላይ ውሃ ስታፈስ እሳቱን ይበልጥ ታሰፋዋለህ።

ቤትን በተመለከተ፣ በእናንተ አካባቢ ብዙ ሰው የውሃ ማሞቂያውን ጋራዥ ውስጥ ነው የሚያስገባው። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ታችኛው በኩል እሳት አለው። እሳቱ ከወለሉ 18 ኢንች ከፍ እንዲል የሚታዘዘው መሬት ለመሬት በሚሄደው ትነት ምክንያት ነው። ቤንዚን እዚያ አታሳድር። ይልቅ ስትመለስ ማደያ ጎራ በልና የተረፈውን በዚያው ጥንቃቄ ወደ ፒክአፑ ታንክ ገልብጠው፤ ዘይት ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ቤንዚን ከሆነ ማለቴ ነው። ባዶውንም ጀሪካን ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ከልጁ እጅ አርቀህ አስቀምጥ፤ ባዶ ሲሆን በትነት የተሞላ ነውና ክዳኑን ግጠመው።